በጎንደር የተተኮሰው ሻማ፦ ስለ ምትሐት፣ ስለ ሳይንስና ስለ አደባባይ ትርኢት

እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በጎንደር ቤተ መንግሥት ሰው ሁሉ የተገረመበትን ተኩስ ተኮሰ። ገብረ መስቀል የተባለ፣ በአነጣጣሪነቱ የሚኮራ የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ስለ ጠመንጃ ሲከራከረው፣ ብሩስ ከእሱ ጠመንጃ የሚወጣ የሻማ ቁራጭ ከገብረ መስቀል የብረት ጥይት የበለጠ ሥራ እንደሚሠራ ተናግሮ ነበር። ነገሩ ከንጉሡ ከዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ጆሮ ደረሰና በፊታቸው እንዲያሳይ ሆነ። ሦስት ጋሻ ተደራርቦ ቆመ፤ ጠመንጃው የጎረሰው ግማሽ ሻማ ሦስቱንም በስቶ አለፈ። የቀረው ግማሽ ደግሞ የእንጨት ገበታ በሳ። ይህን የምናውቀው ብሩስ ራሱ በ1790 ካሳተመው ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፉ ነው። በዚያው በ1770፣ በኖቬምበር ወር፣ ጎጃም ውስጥ ሰከላ ደርሶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቷልና ሰውየውም ታሪኩም ለጎጃም እንግዳ አይደሉም። አገሩ ሲመለስ ግን ብዙ የለንደን ሰው የሚያወራውን አላምን አለው። ለመጠራጠርም ሆነ ለመደነቅ ጎንደሬ ወይም ለንደኔ መሆን አያስፈልግም፤ መንገዱ ያልተገለጠለት ሰው ሁሉ ከሁለቱ አንዱ ላይ ይወድቃል።

የሻማው መንገድ ግን ለማንም የሚገለጥ ነው። የሚወረወር ነገር የሚይዘው ጉልበት ከክብደቱ ጋር ብቻ አያድግም፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በባሩድ የተገፋ ሻማ ጋሻው ላይ የሚደርሰው ለመጨፍለቅና ለመበታተን ጊዜ ሳያገኝ ነው፤ ልስላሴው ሳይታወቅ ፍጥነቱ ሥራውን ይጨርሳል። ይህን ለማስረዳት አንድ ምሽት ይበቃ ነበር። በጎንደር የታየው ትርኢት ዓላማው ክርክር ማሸነፍ ስለ ነበር ግን፣ ተመልካቹ ይዞት የሄደው ስለ ፍጥነት ያለ እውቀት ሳይሆን ስለ ባለ ጠመንጃው ያለ አድናቆት ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ይህን አንድ ነገር ነው፦ በአደባባይ ሳይንስን ከአስማት የሚለየው የትርኢቱ ዓይነት ሳይሆን አሳዪው መንገዱን ለተመልካቹ መስጠቱ ወይም መንፈጉ ነው። ጠመንጃም፣ ኤሌክትሪክም፣ የሒሳብ ስሌትም መንገዱ ከተደበቀ አስማት ሆኖ ይኖራል።

በአገራችን የተለመደው አተራረክ ሌላ ነው። በዚያ አተራረክ አዲስ ነገር የሚያመጣ ብሩህ ንጉሥ አለ፣ «የሰይጣን ሥራ ነው» የሚል ካህንና ገበሬ አለ፣ በመጨረሻም ብርሃኑ ያሸንፋል። ስለ ምኒልክ ስልክ የሚነገረው፣ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረው ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» መባሉም ለዚህ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። እኔ ማስረጃውን ስመዝነው ወደ ሌላ ድምዳሜ ያደርሰኛል። በጨለማ ቤት ውስጥ የሌለ ሰው ሲራመድ፣ ያልመጣ ፈረስ ሲጋልብ የሚያሳየውን ነገር ማንም ባላስረዳበት ጊዜ፣ ሰው በእጁ ባለው እውቀት ሊሰጠው የሚችለው ምክንያት መንፈስ ነበር። ይህ ከምንም ተነሥቶ የተባለ አይደለም፤ በጎደለ መረጃ የተደረሰበት አስተሳሰብ ነው። ስያሜውን እየደጋገምን ሕዝቡን የምንወቅስ ሰዎች፣ ብርሃን በፊልም ላይ እንዴት እንደሚያልፍና በሰከንድ ብዙ ሥዕል ሲከታተል ዓይን እንዴት እንቅስቃሴ እንደሚያይ ለዚያ ተመልካች የነገረው ሰው ነበር ወይ ብለን አንጠይቅም።

መንገዱን መደበቅ ደግሞ አንዳንዴ ታስቦበት የሚሠራ የፖለቲካ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 የፈረንሣይ መንግሥት ዣን ኡዤን ሮቤር-ኡዳን የተባለ ዝነኛ ምትሐተኛ ወደ አልጄሪያ ላከ። ተልእኮው በሕዝቡ ዘንድ የተከበሩትን ተአምር አድራጊ የሃይማኖት ሰዎች በምትሐቱ በልጦ ማሳነስና የፈረንሣይን ኃይል ማሳየት ነበር። ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ሕፃን የሚያነሣው ትንሽ ሣጥን ነው፤ ሮቤር-ኡዳን ጉልበትህን ወስጃለሁ ሲል ጠንካራው ሰው ሊያነቃንቀው አልቻለም። ሣጥኑ ከሥሩ ብረት ነበረው፣ ከመድረኩ ወለል በታችም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ተደብቆ ነበር። በዚያው ዘመን በፓሪስ የማግኔትን ባሕርይ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ያው አንዱ ነገር በፓሪስ ትምህርት፣ በአልጀርስ ማስፈራሪያ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የምኒልክን ፎኖግራፍ ማስተያየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት መልእክት በድምፅ መቅረጫ ተናግራ ላከች። መልእክቱ አዲስ አበባ ሲሰማ ንጉሠ ነገሥቱ በክብር ቆመው አዳመጡ፣ መድፍም ተተኮሰ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እንደ አልጀርሱ ሣጥን ባየነው ነበር። ምኒልክና ጣይቱ ግን በዚያው መሣሪያ ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ላኩ፤ ያ ድምፅ ዛሬም አለ። በእኔ ሚዛን በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ነገር የመልሱ መላክ ነው። ተመልካች የነበረው ወገን መሣሪያውን ይዞ ተናጋሪ ሆነ። ድንቅ ነገር ከአስማትነት የሚወጣው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ ያየው ሰው ራሱ ሲሠራው። የሚያሳዝነው ይህ ዕድል ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ብዙም አለመራቁ ነው፤ ውጭ ያለው ሕዝብ የሰማው መድፉን ብቻ ነበር።

መንገዱ መዘጋቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሌባሻይን እንውሰድ። አንድ ልጅ መድኃኒት ተሰጥቶትና አጭሶ ከራሱ ውጭ ይሆናል፤ ገመድ በወገቡ ታስሮ፣ ሰው ተከትሎት በየመንደሩ ይሮጣል፤ ወድቆ የተገኘበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ የሕዝብ ትርኢትም የፍርድ ሥርዓትም ነበር፤ መንግሥት እስኪከለክለው ድረስ ስንት ንጹሕ ሰው ከሷል። ልጁን የሚመራው ምንድን ነው ብሎ ለመመርመር ለማንም አልተፈቀደም፤ መመርመር ራሱ የሌባ ወገን ያሰኝ ነበር። በተመሳሳይ ዘመን በአውሮፓ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እጃቸውን አስቀምጠው፣ መንፈስ ጠረጴዛውን ያዞራል ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1853 ማይክል ፋራዳይ ከእጃቸው ሥር በቀላሉ የሚንሸራተት ገጽና የእጅን ግፊት የሚያሳይ መሣሪያ አደረገና፣ ሳያውቁት የሚገፉት እነሱው መሆናቸውን አሳየ። ውጤቱንም በጋዜጣ አወጣው። ተቀማጮቹ ውሸታም አልነበሩም፤ እጃቸው የሚሠራውን አያውቁም ነበር። ሌባሻይን ተከትሎ የሚሮጠው ሰው በገመዱ የልጁን አቅጣጫ ሳያውቀው ይለውጥ እንደ ነበር የፈተነ ቢኖር፣ ብዙ ቤት ከመፍረስ ይድን ነበር።

ያው ፋራዳይ መንገድ መስጠት ምን ማለት እንደ ሆነ ከሁሉ የተሻለ አሳይቶናል። በለንደን ሮያል ኢንስቲቲዩሽን እ.ኤ.አ. ከ1825 ጀምሮ በገና ሰሞን ለልጆች የሚሰጥ ንግግር አለ፤ ፋራዳይ በ1860 መጨረሻና በ1861 መግቢያ ስድስት ንግግር ስለ አንድ ሻማ ሰጠ። ከብሩስ ሻማ የተለየ ሻማ አልነበረም። ልዩነቱ የፋራዳይ ሰሚ ቤቱ ሄዶ ሊደግመው መቻሉ ነው። ማር በሞላበት በጎጃም ሻማው ሁሉ ቀርቶ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይበቃል። ጧፍ ሲበራ የሚነደው ሰሙ ራሱ እንዳይመስለን፤ ሰሙ በሙቀቱ ቀልጦ በክሩ ወደ ላይ ይሳባል፣ ከዚያ ተንኖ እንፋሎቱ ይነድዳል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ጧፉን እፍ ብሎ ያጥፋና ነጭ ጭሱ ሳይበተን የተለኮሰ ክብሪት ከክሩ ትንሽ ከፍ አድርጎ ጭሱ ላይ ያድርግ፤ ነበልባሉ በጭሱ ወርዶ ክሩን ያቀጣጥለዋል፣ ምክንያቱም ያ ጭስ ገና ያልነደደ ሰም ነው። በብርጭቆ ከከደኑት ደግሞ ብርጭቆው ውስጥ ጤዛ ይይዝና ጧፉ ይጠፋል፤ ጤዛው ከሚነደው ሰም የተወለደ ውሃ ነው፣ የጠፋውም የሚያነደው አየር ስላነሰበት ነው። ይህ እንደ ማንኛውም ምትሐት ያስደንቃል። ልዩነቱ፣ የተደነቀው ልጅ ነገ ለእናቱ ማሳየት መቻሉ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፤ ክርክሬ የሚጸናውም የሚወድቀውም እዚህ ነው። ጎጃም የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዲማ ጊዮርጊስ፣ የደብረ ኤልያስ አገር ነው፤ ቅኔው ከዚህ ወጥቶ በመላው ኢትዮጵያ ተሰራጭቷል። ከዚሁ ጋር ግን «የጎጃም ደብተራ» ሲባል በሩቅ ያለ ሰው የሚያስበው መተትንና ድግምትን ነው። ይህ ስም በደል ነው፣ ነገር ግን ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም አንድ እጅ ሁለት ዓይነት ስሌት ይዞ መኖሩ ነው። አንደኛው ዐውደ ነገሥት ነው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት በየዋጋቸው ተደምረው በ12 ይገደፋሉ፤ በቀረው ቁጥር ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያለ እስከ ሑት ድረስ ኮከቡ ይነገራል፣ ከኮከቡም ዕጣው። ሁለተኛው የበዓላት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ ነው። እሱም ደምሮ፣ ገድፎ፣ ቀሪውን ይዞ ይሠራል። ውጭ ለቆመ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ብራና፣ ግእዝ፣ ቁጥር፣ ከዚያም መልስ።

እርሳስ ያለው ሰው አብሮኝ ይሥራ፤ 2012 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ዓመተ ፍዳ ሲደመርበት 7512 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 7 ይቀራል፤ አንድ አንሥተን ወንበር 6 እንላለን። ወንበር በ11 ተባዝቶ 66፣ በ30 ሲገደፍ 6፤ አበቅቴ 6 ነው። ወንበር በ19 ተባዝቶ 114፣ በ30 ሲገደፍ 24፤ መጥቅዕ 24 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ የሠራው ሰው ተሳስቷል። መጥቅዕ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 24 ቀን 2012 ቅዳሜ ነበረ፣ የቅዳሜ ተውሳክ (እንደ ዕለቱ የሚደመረው ቁጥር) 8 ነው። 24 እና 8 ተደምረው 32፤ 30 ሲወጣ 2። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 2 ገባ። ነነዌ የምትገባው ሰኞ ብቻ ነው፤ የካቲት 2 ቀን 2012ም ሰኞ ነበረ። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 11 ይመጣል፣ ፋሲካ፣ እሑድ። ይህ ስሌት በራሱ ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ ራሱን ይፈትሻል። የኔታ ቢሳሳቱ ደቀ መዝሙሩ ሊያርማቸው ይችላል፣ ሰኞ ላይ አልዋለማ! በዐውደ ነገሥት ግን የተነገረው ዕጣ ባይደርስ ስሌቱን የሚያርም ነገር የለም፤ እናቱ የሰጠችው ስም ሌላ ይሆናል፣ ኮከቡ ተቆጥቶ ይሆናል፣ ሁሌም ማምለጫ አለ። በአንድ ዓይነት መደመርና መግደፍ የቆሙ ሁለት እውቀቶች በዚህ ይለያያሉ።

እዚህ ላይ ከሁለት ወገን ተቃውሞ ይመጣል። አንደኛው፣ የቤተ ክህነትን ትምህርት ከሳይንስ ጎን ማቆም የማይገባ ማዋደድ ነው ይላል። ባሕረ ሐሳብ የበዓላትን ቀን ለማውጣት የተሠራ ሥርዓት እንጂ ሰማይን አዲስ የሚመረምር አይደለም፤ ይህ እውነት ነው። የ19 ዓመቱ ዙር ከእውነተኛዋ ጨረቃ በዘመናት ብዛት ቀናት ርቋል። እኔ የምለው ባሕረ ሐሳብ አስትሮኖሚ ነው አይደለም፤ ሊፈተሽ የሚችል እውቀት በአገራችን ቋንቋና በአገራችን ጉባኤ ለብዙ መቶ ዓመት በአደባባይ ሲሰጥ ኖሯል፣ ልማዱ አለን ነው የምለው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ደብተራውን ከጠንቋይ ጋር ቀላቅለህ አዋረድክ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጥንቆላን ስታወግዝ ኖራለች፤ እኔም ያደረግሁት ያንኑ መስመር ማስመር ነው። መስመሩ የት ላይ እንደሚያልፍ ሕዝቡ እንዲያውቅ ካልተደረገ ግን፣ ስሌት የሚችለው ሁሉ በመተት መጠርጠሩ አይቀርም። የቅኔ ቤት ተማሪ በየመንደሩ በምግብ ምጽዋት ሲኖር አክብሮትም ፍርሃትም የተቀበለው ስለዚህ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከመድረክ ሰዎች ይመጣል፦ መንገዱን ከነገርከው ደስታው ይጠፋል። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም፣ ታሪክም ይደግፈዋል። ጆን ሄንሪ ፔፐር የተባለ የለንደን የኬሚስትሪ መምህር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 24 ቀን 1862 በሮያል ፖሊቴክኒክ መድረክ ላይ በትልቅ መስተዋት አማካይነት መንፈስ የሚመስል ምስል አሳየ። ትርኢቱ እንዳበቃ አሠራሩን ሊያስረዳ አስቦ ነበር፤ የተመልካቹን መገረም ሲያይ ግን ማስረዳቱን ተወው። ይሁንና ፔፐር መንፈስ እጠራለሁ አላለም፤ በሳይንስ ተቋም፣ በመምህር ስም ነበር የቆመው፤ ከሄንሪ ዲርክስ ጋር ባወጣው የባለቤትነት መብት ላይም አሠራሩ ለሚፈልግ ሁሉ ተጽፎ ይገኝ ነበር። በእኛም አገር አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከተዋናይነታቸውና ከተረት አባትነታቸው ሌላ ምትሐት ሲያሳዩ፣ ሕፃኑም አዋቂውም የእጅ ፍጥነት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ስምምነት ነበረ። መድረክ ላይ ቆሞ «አታልላችኋለሁ፣ ያዙኝ» የሚል ሰው ምንም አልደበቀም፤ ተመልካቹን እንዲጠራጠር ያሠለጥነዋል እንጂ። እዚያው መድረክ ላይ ወይም በየጠበሉ መንገድ ዳር ቆሞ «ኃይል አለኝ» የሚለው ነው መንገዱን የነፈገው። ስለዚህ ምትሐተኛውን አላወግዝም፤ እንዲያውም ሐሰተኛ ፈዋሽን ለመለየት ከብዙ መምህር ይልቅ ጥሩ ምትሐተኛ ይረዳናል ብዬ አምናለሁ።

የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ መንገዱን የዘጋው አስማተኛው አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ መምህሩ ሁለት ፈሳሽ ቀላቅሎ ቀለም ሲለውጥ ያያል፤ ማብራሪያው ግን ገና በማይጨብጠው ቋንቋ ይመጣና ቃል በቃል ሸምድዶት ፈተና ይቀመጣል። አያቱ ከብራናው ፊት በግእዝ ምክንያት ውጭ እንደ ቆመ፣ እሱም ከመጽሐፉ ፊት ውጭ ቆሟል። እንግሊዝኛ ለዓለም በር ነው የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው፤ በሩን መዝጋት አልጠየቅሁም። በር የሚያገለግለው ግን ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር አንዴ በገዛ ቋንቋው ለተረዳ ሰው ነው። የኔታ የግእዙን ቅኔ በአማርኛ ፈትተው፣ ሰሙንና ወርቁን ለይተው፣ ተማሪውን «አንተስ?» ብለው ይጠይቃሉ። የላቦራቶሪ መምህር ይህን ልማድ የማይወርስበት ምክንያት አይታየኝም።

ለመጀመር ቀን የሚያስፈልግ ከሆነ ቀን አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከላይ ባሰላነው ዓመት፣ ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ በጎጃም ሰማይ አልፎ ወደ ላሊበላ ሄደ። ላሊበላ ላይ መነጽር የያዘ ሰው ተሰበሰበ፤ በየገጠሩ ግን ከብቱን አስገብቶ፣ ልጁን ደብቆ ያሳለፈው ሰውም አይጠፋም። ቀጣዩ ትልቅ ግርዶሽ ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፤ ሙሉ ጥላው በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅና በየመን ሲያልፍ በእኛ አገር ፀሐይ በከፊል ትሸፈናለች። ክረምት ነውና ደመና ሊጋርደው ይችላል፤ ዝግጅቱን ግን ደመና አይጋርደውም። ከዚያ በፊት በየትምህርት ቤቱና በየደብሩ ዐውደ ምሕረት፣ በገበያ ቀን ጭምር፣ ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ ጥላዋ የት እንደሚወድቅ በብርቱካንና በፋኖስ ማሳየት ይቻላል። በቀኑ ማንም ፀሐይን በባዶ ዓይኑ እንዳያይ፣ ወረቀት በመርፌ በስቶ፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ በቀዳዳው ያለፈው ብርሃን መሬት ላይ የሚሠራውን የተገመጠ ክብ እንዲያይ ማስተማር ይቻላል። ሰዓቱ ቀድሞ ተጽፎ በደጃፍ ይለጠፍ፤ ሰዓት ያለው ሁሉ ቆሞ ይጠብቅ፤ የተጻፈው ከታየው ጋር በስንት ደቂቃ እንደ ተለያየም ልጆቹ ራሳቸው ይመዝግቡ።